ከአምስተኛው ቁጥር የጀመርኩት ታሪኬ

የልጅ ልጆቼ ናቸው ለዚህ ያበቁኝ። ባለፈው ሰንበት ከጎረቤት ልጆች ጋር ተሰብስበው አንደኛዋ ስልኳ ላይ በሥዕል የተሠራ ታሪክ ስታሳያቸው፣ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። «አያቴ፣ ሥዕል ትፈሪያለሽ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። አዎ እፈራለሁ አልኳት። ከዚያ በኋላ ማን ይልቀቀኝ። ለምን እንደሆነ ካልነገርሽን ብለው እራቴን አስረሱኝ። ጀመርኩና መሐል ላይ ድምፄ እንቢ አለኝ፤ እንግዲያው ጽፌ እሰጣችኋለሁ አልኳቸው። ተማሪ ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ካረጀሁ ወዲህ ነው። የምጽፈውም እንደማወራው ነው፤ እናንተም እንደምታዳምጡኝ ሆናችሁ አንብቡልኝ።

ነገሩ የሆነው ካርቱም ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ቦታ መርጋት የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ከአርማጭሆ ተነሥቼ መተማ፣ ከመተማ ገዳሪፍ ሰሊጥ ለሚያጭዱ ሰዎች ወጥ እየሠራሁ፣ ከዚያ ከሰላ፣ ከዚያ ካርቱም። ይህን ሁሉ ስትዞሪ ምን አገኘሽ ሲሉኝ ሰው አገኘሁ እላለሁ። ካላክላ የሚባል ሠፈር ውስጥ ከሁለት ያገሬ ሴቶች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ጠዋት ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቄ ቡሪ የሚባል ሌላ ሠፈር እደርሳለሁ፤ ቡሪ ሃጃ አማል ቤት አበስላለሁ፤ ሲመሽ እመለሳለሁ።

ሃጃ አማል ባልዋ የሞተባት፣ በዕድሜ እኩያዬ የሆነች ሴት ናት። እሷም እንደኔ አልተማረችም፤ ያፋቀረንም ይኸው ይመስለኛል። ከሰዓት ሙቀቱ ሲበርድ ግቢው ውስጥ የጠፍር አልጋው ላይ አጠገቧ ታስቀምጠኛለች። መሬት ላይ አስቀምጣኝ አታውቅም። «ኡኽቲ» ነው የምትለኝ፤ እህቴ ማለት ነው። ሻይ እየጠጣን የሞቱብንን እናወራለን። ታናሿ ልጄ ትርንጎ በሊቢያ መንገድ ሄዳ ደብዛዋ እንደጠፋ፣ እምዬ እያለች ትጠራኝ እንደነበር፣ የነገርኩት ለእሷ ብቻ ነው። ለካላክላዎቹ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም። ሃጃ ስትሰማ ጉልበቷን እየመታች ነው ያለቀሰችልኝ፤ ልክ እንደ እኛ አገር ሰው።

ልጇ ሙእተዝ ሠላሳውን ያለፈ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ጨዋ ሰው ነው። እኔን «ሐቦባ» ይለኛል፤ አያቴ እንደማለት። ሥራው መሳል ነው። በጥቁር ቀለም ሣጥን ሣጥን እያደረገ ታሪክ ይስላል፤ በየሣጥኑ ሰዎች አሉ፤ ንግግራቸው ከአፋቸው እንደ ጭስ እየወጣ ይጻፋል። ይህንን ፎቶ ኮፒ አስነሥቶ፣ ጠርዙን ሰፍቶ፣ ዐርብ ዐርብ ለሚመጡ ጓደኞቹ ያድላል። ሲያነቡት ሳቃቸው ወጥ ቤት ድረስ ይሰማል። ሻይ ሳቀርብላቸው አንዳንዶቹ እግር እግሬን ያያሉ። ጫማዬን ነው እላለሁ በልቤ፤ ሁለት ዓይነት ነጠላ ጫማ ነበር የማደርገው፤ አንዱ ሰፊ ማሰሪያ ያለው፣ ሌላው ጣት መሐል የሚገባ፤ ጥንድ ጥንዳቸው ጠፍቶብኝ።

ሌላዋ ዘይነብ ናት። የወሎ ልጅ፣ ከከሚሴ በኩል፤ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። እዚያው ቤት እያደረች ታጥባለች፣ ትጠርጋለች፣ ትተኩሳለች። ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ወረቀት የላትም፤ እኔም የለኝም። አብራት ካገር የወጣች ልጅ በስርቆት ተጠርጥራ ኦምዱርማን ሴቶች እስር ቤት ገብታ ነበር፤ ስትወጣ ስሟን ሲጠሯት የማትዞር ሆና ወጣች። ስለዚህ ዘይነብ በምድር ላይ የምትፈራው ነገር አንድ ነው፤ እሱም ያ እስር ቤት ነው።

አሁን ስለ ራሴ ጭንቅላት ልንገራችሁ። ከዚያ ቀን በፊት በነበሩት ወራት እየጃጀሁ መስሎኝ ነበር። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ እገባለሁ፤ ስወጣ የለም፤ ሰገነት ላይ ተሰጥቶ ይገኛል። ስኳር ብዬ የቀዳሁት ጨው ሆኖ ሃጃ በእንግዳ ፊት አፍራለች። ለኩሼው የሄድኩት ምድጃ ጠፍቶ፣ ያጠፋሁት ደግሞ ሲንቦገቦግ አገኘዋለሁ። ይኼ ሁሉ ይሁን። አንድ ቀን ግን ቤቱ ጭር ባለበት፣ ሽንኩርት እየላጥኩ ሳለ፣ «እምዬ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቢላዋውን ጥዬ ሮጥኩ። ከዚህኛው ክፍል ስደርስ ከዚያኛው ይጠራኛል። አነጋገሩ ትንሽ ኮልታፋ ነበር፤ በረሃው ነው ድምፅዋን የለወጠው አልኩ። ከአልጋ ሥር ጎንብሼ ሁሉ ፈለግኋት። ዘይነብ ከልብስ ማስጫው ወርዳ ያገኘችኝ ቁም ሣጥን ከፍቼ ልጄን ስጠራ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እራሴን ማመን ተውኩ። ወጡን ቀምሼ መልሼ ዘይነብን አስቀምሳታለሁ፤ በሩን ዘግቼ ተመልሼ እገፋዋለሁ።

ሐሙስ ነው። ማታ ሳሃፋ ሠፈር የሃጃ ዘመድ ሠርግ አለ። ሃጃ ከጠዋት ሂና ልትቀባ ወደዚያው ሄዳለች፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ትመለስና ወርቋን አጥልቃ ለሠርጉ ትወጣለች። ሙእተዝም የለም። ሁልጊዜ የሚቆለፈው የሱ ክፍል ያን ቀን ገርበብ ብሏል። ልጥረግለት ብዬ ገባሁ።

ጠረጴዛው ላይ መጽሔቶቹ ተቆልለዋል። ከላይ ያለው ፎቶ ኮፒ ያልተነሣ፣ ቀለሙ ገና የሚሸት ነው። ሽፋኑ ላይ እንደ እንቁላል ክብ ነገር አለ፤ የዐረቡ አምስት እንደሆነ ከገንዘብ ላይ አውቀዋለሁ። ከክቡ ሥር ደግሞ አንዲት አሮጊት ቆማለች። ነጠላዋን እንደኔ ጆሮዋ ላይ ሸብ አድርጋለች። ጀርባዋ እንደኔ በግራ በኩል ዘንበል ብሏል። ጫማዋ አንዱ ሰፊ ማሰሪያ፣ አንዱ የጣት።

መጥረጊያውን አስቀመጥኩ። በመጀመሪያ ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው። እኔን ማን ስሎኝ ያውቃል? አነሣሁና ልገልጠው ስል የምንከፍተው በኩል ተሰፍቶ አገኘሁት፤ ገልብጬ ከፈትኩት። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል ከግራ እየጀመርኩ ስከተል ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ይኸንንም ከግራ ጀመርኩ። አንዲት የተከናነበች ሴት በፖሊስ መኪና ተጭናለች፤ እዚህ ቤት በር ላይ ነው። ቀጥሎ የተሰመሩ ባዶ ሣጥኖች። ቀጥሎ ሁለት ሴቶች አንድ ነገር ላይ አቀርቅረዋል። ቀጥሎ አንድ እጅ፣ የዘይነብ ሻንጣ ውስጥ፤ አምባሮች ይዟል። ቀጥሎ አምባሮቹ የሃጃ ሣጥን ውስጥ፤ ሃጃም በሰላም ተኝታለች። እኔም እንዲህ አነበብኩት፦ ፖሊስ ልጅቱን ወደ ቤቷ መለሳት፣ የጠፋው ወርቅ ከሻንጣ ወጥቶ ወደ ቦታው ገባ፣ ቤቱም ሰላም ሆነ። መልካም ታሪክ ነው አልኩ።

ትስቅ ብዬ ዘይነብን ጠራኋት። ልብስ እየተኮሰች ነበር። ከፖሊስ አውጥተው ለቤትሽ አበቁሽ እያልኩ በጣቴ ተከትዬ ተረኩላት። ልጅቱ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«እማማ ደግሞ፣ የዐረብ መጽሔት በግራ ከፍተሽ! አንቺ እንደያዝሽው ከሆነ ሬሳ ሁሉ ከመቃብር ተነሥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቁርኣንስ ቢሆን ከቀኝ አይደል የሚቀራው? አምጪው።»

ልጅ ሆና መድረሳ ገብታ ቁርኣን ቀርታለች፤ ፊደሉን አንድ በአንድ እየነካች ታነባለች። እኔ ሥዕሉን አያለሁ፣ እሷ ጽሑፉን ታነባለች፤ እንዲያ ተባብረን ነው ያነበብነው። ሽፋኑን ገለበጠችና ከእንቁላሉ በላይ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ በጣቷ ተከተለች። ጣቷ መጨረሻው ላይ ቆመ።

«ምን ይላል?» አልኳት።

«ዋጋው ነው» አለችና ገለጠችው።

ከቀኝ ሲጀመር ሌላ ታሪክ ሆነ። በመጀመሪያው ሣጥን አሮጊቷ ሽንኩርት ትልጣለች። በሁለተኛው ቀና ብላ ከወረቀቱ ውጭ ታያለች፤ የሚስላትን እጅ አይታዋለች። «ማነህ አንተ? ለምን ጫማዬን ትደብቃለህ?» ትለዋለች፤ ዘይነብ ናት ያነበበችልኝ። በሦስተኛው እጁ ላጲስ ያነሣል። በአራተኛው አፏ የለም። ከዚያ ወዲያ ባለው ሣጥን ሁሉ ጭሱ ከፊቷ ይወጣል፤ ውስጡ ግን ምንም አልተጻፈበትም። አፍ ሳይኖራት ከክፍል ክፍል ትሮጣለች። በየግድግዳው ላይ አንድ ቃል ተበትኗል። ዘይነብ ፊደሉን ቆጥራ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝና «እምዬ ነው የሚለው» አለች።

ታች ያሉትን መጽሔቶች ጎትቼ አወጣሁ። አራተኛው ላይ ጨውና ስኳሩ፣ ሦስተኛው ላይ ምድጃው፣ ከዚያ በፊት ሰገነቱና ጫማው። እኔ ታሪኩን ዛሬ ከአምስተኛው ልጀምረው እንጂ፣ ታሪኩስ እኔን ከአንድ ጀምሮ ይዞኝ ኖሯል። የዐርብ እንግዶቹ ሳቅ ጆሮዬ ላይ መጣ። አልጃጀሁም ለካ። እናንተ ልጆች ይኼ ደስ የሚያሰኝ ዜና ይመስላችሁ ይሆናል። እኔ ግን ያን ጊዜ ያዘንኩት በሌላ ነው፤ የጠራችኝ ልጄ አልነበረችም። ለሃጃ ሹክ ያልኳትን ነገር ሙእተዝ በር ጥግ ቆሞ ሰምቶኛል አልኩ።

ዘይነብ ወደ መጨረሻው ገጽ አለፈች። ሃጃ ተኝታለች፤ ሣጥኗ ተከፍቷል። እጁ አምባሮቹን ይወስዳል። እጁ አምባሮቹን በዘይነብ ሻንጣ ይከታል። ቀጥሎ ሁለት ሴቶች አንድ መጽሔት ላይ አቀርቅረዋል፤ አንዷ አሮጊት፣ አንዷ ኮረዳ፤ መጽሔቱ ውስጥም ምስር የምታህል ሣጥን አለች፤ በእሷም ውስጥ ሁለት ያቀረቀሩ ራሶች። ሁለታችንም ቀና ብለን መስኮቱን አየን። ማንም የለም። ከሥዕሉ ሥር ሙእተዝ ራሱን ስሏል፤ እስክሪብቶ ይዞ ከወረቀቱ ውጭ ላለ ሰው ይናገራል።

«አሁን ምን እናድርጋቸው? ነው የሚለው» አለች ዘይነብ።

ከዚያ ባዶዎቹ ሣጥኖች ናቸው። ከባዶዎቹ በኋላ መኪናው። መሐሉ አልተሳለም፤ መጨረሻው ግን አልቋል።

ዘይነብ ወደ ክፍሏ ሮጠች፤ ተከተልኳት። ሻንጣዋን ዘቀዘቀችው። በራሷ ሻርፕ ተጠቅልለው የሃጃ አምባሮች ዱብ ዱብ አሉ። ልጅቱ አልጮኸችም። መሬት ላይ ተቀምጣ እንደ እባብ ታያቸው ጀመር። ወደ ቦታቸው እንዳንመልስ የሃጃ ክፍል ተቆልፏል፤ ቁልፉ ከእሷ ወገብ አይለይም፤ ሌላው ደግሞ ሙእተዝ ዘንድ ነው። ጥለን እንዳንሄድ፣ ሁለት ሐበሾችና አንድ የተከፈተ ሣጥን፤ ሌባ ከመባል በፊት ማን ይጠይቀናል።

እንዲህ ያልኳት እኔ ነኝ። ሁልጊዜ ሱቅ እንደምትሄጂው ዘንቢሉን ይዘሽ ውጪ፤ ካላክላ ጓደኞቼ ዘንድ ሂጂ፤ ዛሬውኑ ገዳሪፍ የሚሄድ ሰው ጋር ያገናኙሻል። እኔ እቀራለሁ፤ ወርቁን በሃጃ እጅ ላይ አስቀምጬ መጽሔቱን አሳያታለሁ።

«ለሃጃ?» አለች ዘይነብ።

«ለሃጃ። እህቴ ናት እኮ። ልጇን ትቀጣዋለች እንጂ እኔን ምን ታደርገኛለች።»

አየችኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየችኝ። ከዚያ ተነሥታ እጄን ሳመች፤ ዘንቢሉን አንጠልጥላ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ አልዞረችም።

ብቻዬን ቀረሁ። ምን ላድርግ፣ ወጤን ሠራሁ። አምባሮቹን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜ ሳህን ላይ አደረግኋቸው። አንድ የማውቀው ነገር ቢኖር ያ ልጅ ዋይታ ሊስል እንደሚፈልግ ነው፤ ስለዚህ ዋይ አልልም አልኩ። ሽንኩርት የምትልጥ ሴትዮ ስሎ ምን ያተርፋል።

ሃጃ ከዐስር በኋላ መጣች፤ እጅና እግሯ በሂና ጠቁሮ፣ ሽቶ ሸትታ። አልጋው ላይ አስቀምጬ ሳህኑን ገለጥኩላት። መጽሔቱንም ሰጠኋት። ልጅሽን አንድ ነገር ነክቶታል፣ አትምቺው፣ ግን እዪ አልኳት።

ከቀኝ ጀምራ አንድ በአንድ ገለጠች። አልደነገጠችም። ሐዘን እንዲህ ነው ያደረጋት፣ ልቧ ፈዘዘ አልኩ። ጨርሳ መጽሔቱን ጭኗ ላይ አደረገችና እጄን ያዘች።

«ኡኽቲ፣ ጫማሽን ሰገነት ላይ ስታገኚ ለራስሽ ምን አልሽ?»

አበድኩ ነው ያልኩት አልኳት።

«ድምፁን ስትሰሚስ? በመጀመሪያ ወዴት ሮጥሽ? ቁም ሣጥኑን ስትከፍቺ እውነት ውስጡ ትኖራለች ብለሽ ነው?»

ይኼን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ተቀብቶ ያልደረቀው ሂናዋ እጄን እያቀለመኝ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። አለቀስኩ። ያን ሁሉ ሰዓት አላለቅስም ብዬ ለሷ አለቀስኩ። እሷም ወደ እኔ ተጠግታ፣

«ዘይነብስ? ይህን ስታይ ምን አለች? ቃሏን ሳትለውጪ ንገሪኝ።»

ሬሳ ከመቃብር ይነሣል እንዳለችኝ ነገርኳት። ሃጃ ፈገግ አለች። በዚህ መሐል ሙእተዝ ገብቶ ፊት ለፊታችን ወንበር ስቦ ተቀምጧል፤ መቼ እንደገባ አላየሁም። ጉልበቱ ላይ ወረቀት አለ፤ እጁ ይሄዳል። ቀና ብሎ ያየኛል፤ ይስላል።

«ተይው» አለችኝ ሃጃ። «ሲያፍር ነው የሚስለው።»

አመንኳት። አምባሮቹን አንድ በአንድ ክንዷ ላይ አስገባች። ለልጇ ቀስ ብላ «ያላ»፣ በል እንግዲህ፣ አለችው፤ እሱም ስልኩን ይዞ ወጣ። ዘይነብ የት ሄደች ስትለኝ ሽንኩርት ልትገዛ አልኳት። በዚያ ቤት የዋሸሁት ውሸት እሱ ብቻ ነው።

የመኪናውን ድምፅ ስሰማ ገና እጄ በእጇ ነበር። ሁለት ፖሊሶች ገቡ። ስለ ወርቅ የጠየቀ የለም። ኢቃማ አሉኝ፤ የለኝም። ሃጃ አሮጊት ናት ቀስ ብላችሁ ውሰዷት አለቻቸው። ሙእተዝ ተይዤ ስወጣ ነጠላዬን እከናነብ እንደሆነ የሚጠብቅ ይመስል ዓይን ዓይኔን ያያል። የሠፈሩ ሰው በር ላይ ወጥቷል፤ አፈርኩና ተከናነብኩ። ከኋላ ክፍት በሆነው መኪና ላይ ሲጭኑኝ ባዶ እግሬን ነበርኩ። ያን ጊዜ ሃጃ እየሮጠች ወጣች። ጫማዎቼን ይዛለች። ጎንበስ ብላ፣ በሠርግ ልብሷ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እግሬ ላይ አጠለቀችልኝ። ያችን ደግነቷን ለስንት ዘመን ስባርክላት ኖሬያለሁ።

መኪናው ሲነሣ አቀርቅሬ እግሬን አየሁ። አንዱ ሰፊ ማሰሪያ፣ አንዱ የጣት። ያን ጊዜ ነው ሥዕሉ ትዝ ያለኝ። የተከናነበችው ሴት ዘይነብ አልነበረችም። እግሮቿ ከመኪናው ጠርዝ ወጥተው ተስለው ነበር፤ ከግራም ሆነ ከቀኝ ስናነበው ሁለታችንም ፊቷን ስንፈልግ እግሯን አላየንም። ቀና ስል ሙእተዝ ሰገነቱ ላይ ወጥቷል፤ ወረቀቱን ይዟል።

ኦምዱርማን የቆየሁትን አላበዛባችሁም። መሬቱ ላይ ጎን ለጎን ነው የምንተኛው፤ አንዷ ስትገላበጥ ሁላችን እንገላበጣለን። እኔ በሩ በተከፈተ ቁጥር እነሣለሁ፤ ሃጃ ልታስወጣኝ ትመጣለች ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። ሴቶቹ መጫወቻ አደረጉኝ። የምግቡ በርሜል ሲጎተት «ተነሺ፣ ሃጃሽ መጣች» ይሉኛል። ፍየል ብትጮህ «ሃጃሽ እየጠራችሽ ነው» ይሉኛል። እኔም ደግሞ እነሣለሁ። በኋላ ላይ በጭነት መኪና ከሌሎች ጋር አድርገው ድንበር ላይ አራገፉን፤ መተማን ስሻገር ጫማዬን አውልቄ ወንዙ ውስጥ ጣልኩት።

ምን ተለወጠብሽ ትሉኝ ይሆናል። መተማ ላይ አንዲት የልብስ ሰፊ ሚስት ፊደል አስቆጠረችኝ። ጣቴ እስክሪብቶ አልጨብጥ ሲለኝ ለምን ትቸገሪያለሽ በዚህ ዕድሜሽ ትለኝ ነበር። ሽፋን ማንበብ እፈልጋለሁ እላታለሁ፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ነገር ሲጠፋብኝ እየጃጀሁ ነው አልልም፤ ማን ወሰደው እላለሁ። ይኼ ጥሩ ለውጥ አይደለም። ድሮ ሰው አገኘሁ ስል የነበርኩት ሴት ዛሬ አዲስ ሰው ሲስቅልኝ የኋላውን አያለሁ።

ይኸው አሁን ደግሞ እስክሪብቶው እኔ እጅ ላይ ነው። ሃጃንም ሙእተዝንም በየሣጥናቸው አስገብቻቸዋለሁ። ላጲሱም አለኝ። የማንንም አፍ ግን አልፋቅሁም፤ ያሉትን እንዳሉት ነው ያስቀመጥኩት። እናንተ ልጆች በሰው የምትስቁበት ሥዕል በስልካችሁ ሲመጣላችሁ፣ የተሳለችው ሴትዮ ቀና ብላ እንደምታያችሁ አስቡ። እኔ የማውቀው ይኼን ብቻ ነው።

ዘይነብ አልተያዘችም፤ ያን ሁሉ ዘመን በዚህ ነበር የምጽናናው። ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ የካላክላ ጓደኞቼ ተበታትነው ወጡ፤ አንዷ ከሚሴ ድረስ ሄዳ ኖሮ ስልኬን ለዘይነብ ሰጠቻት። አንድ ቀን ደወለችልኝ። አግብታለች፣ ወልዳለች። ሳቅን፣ አለቀስን። ሃጃን ስናነሣ፣ ያቺ ሴት እኮ በሠርግ ልብሷ ጎንበስ ብላ ጫማ አደረገችልኝ አልኳት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ አሎ፣ አሎ አልኩ።

«እማማ» አለችኝ። «ያን ቀን ሽፋኑ ላይ የነበረው ዋጋው አይደለም። ሁለት ስም ነው። ታሪኩን የምትናገር ሃጃ አማል፣ ሥዕሉን የሚስል ልጇ ሙእተዝ፤ እንዲያ ነው የሚለው።»

እያወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

«ወርቁን ይዞ የሚቆይ ሰው ባይኖር ካላክላ ሳልደርስ ይይዙኝ ነበር» አለች። «ብነግርሽ ደግሞ አትቀሪም ነበር።»